«ጥናት ውስጥ ትገባለህ?» ሲሏችሁ

ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ሆዴ በግራ በኩል ተነፍቶ ድንጋይ የዋጥኩ እመስላለሁ። እጄና እግሬ ግን ሸንበቆ ሆነዋል። አንዲት ሲስተር ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ እዚህ የሚካሄድ አንድ ጥናት አለ። ላስረዳህና ከፈለግህ ትገባለህ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

«ገና ምኑንም አላስረዳሁህም እኮ!» ብላ ሳቀች።

ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ያ «እሺ» ነው። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰው የሕክምና ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ ከመሃሉ አንዳንዴ የጥናት ስምምነት ቅጽ ይወጣል። «እስኪ አንብብልኝ፤ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉኛል። ሐኪም አይደለሁም። አልጋው ላይ ሆኜ ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው የምነግራቸው። ለእናንተም እሱኑ ነው።

እንዴት እዚያ አልጋ ላይ እንደደረስኩ በአጭሩ ልናገር። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ቀረ። በ2010 ክረምት ከሰፈር ልጆች ጋር ለሰሊጥ አረም መተማ ወረድኩ፤ እስከ አጨዳውም ቆየሁ። ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስተኛም። የምንተኛው ደጅ፣ ግራር ሥር ነበር። የመተማ መሬት ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ነገር አለች፤ ስንጥቁም ግራሩም ይስማማታል። ካላዛር የሚባለውን፣ ትኩሳት የሚያመጣና ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ስትነክስ አልሰማኋትም። ኅዳር ላይ ትኩሳት ያዘኝ። አንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ሰጠኝ። ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ ደግሞ ጣፊያዬን በጋለ ብረት ተኮሱኝ፤ አራት ነጥብ ጠባሳ እስከዛሬ አለ። በመጨረሻ ወንድሜ አንጠልጥሎ ጎንደር አመጣኝ። ከጣቴ ጠብታ ደም ወስደው ወረቀት ላይ አደረጉ፤ ሁለት መስመር ወጣ፤ ካላዛር ነው ማለት ነው። ካላዛር ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። እንግዲህ «ጥናት አለ» ስትለኝ እኔ የሰማሁት «መድኃኒት አለ» የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሕክምናና ጥናት አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ አንድ ዓይነት ጋወን ይለብሳሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝ የሚያስበው ስለ እናንተ ነው። ጥናቱ የሚያስበው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ክፋት የለውም፤ ጥያቄው ሳይመለስ የተሻለ መድኃኒት አይመጣም። ብቻ እናንተ የገባችሁት ለመታከም ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ኋላ ቅር ይላችኋል።

የእኛ ጥናት ጥያቄ ቀላል ነበር። ካላዛር ያኔ የሚታከመው ለ17 ቀን፣ በቀን ሁለት መርፌ ነው። አንዱ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት፣ ሌላው ፓሮሞማይሲን። ሲደመር 34 መርፌ። አዲሱ ሐሳብ ደግሞ 14 ቀን ብቻ፣ ፓሮሞማይሲን መርፌ በቀን አንድ፣ ከእሱ ጋር ሚልቴፎሲን የሚባል የሚዋጥ ካፕሱል ጠዋትና ማታ። 34 መርፌ ወደ 14 ይወርዳል ማለት ነው። ጥያቄው ታዲያ አጭሩ እንደ ረጅሙ ያድናል ወይ የሚል ነው።

እኔ በልቤ አዲሱን መርጬ ጨርሻለሁ። ችግሩ መራጩ እኔ አይደለሁም። ሲስተርም አይደለችም። ዕጣ ነው።

ዕጣ ሲባል ሰው ይደነግጣል። «በሕይወቴ ዕጣ ይጣላል እንዴ?» ያለኝ ደንበኛ አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ደከም ያለውን በሽተኛ ወደ አንዱ፣ ጠንከር ያለውን ወደ ሌላው ሳያውቀው ይመድባል። ያኔ መድኃኒቱ ይሁን የሰውየው ጉልበት ያዳነው አይለይም። በዕጣ ሲሆን ግን ሁለቱ ወገኖች ይመሳሰላሉ። ስለዚህ «በዕጣ ነው ወይ የምመደበው? ዕጣዎቹስ ምንና ምን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ጥናት ላይ አንዱ ዕጣ መድኃኒት የሌለው፣ መድኃኒት የሚመስል ባዶ እንክብል ይሆናል። አንዳንዱ ላይ የትኛውን እንደምትወስዱ እናንተም ሐኪሙም አታውቁም። የእኛ ግልጽ ነበር፤ ሁሉም የደረሰውን ያውቃል። ለእኔ የደረሰኝ አሮጌው ነው። 34ቱም።

አኮረፍኩ። እውነቴን ነው፣ ለግማሽ ቀን ሲስተርን አላናገርኳትም።

ቢሆንም ከመፈረሜ በፊት አንድ ደህና ነገር አድርጌ ነበር፤ በወንድሜ ጎትጓችነት። «እስኪ ባይገባስ?» ብሎ ጠየቃት። «ባይገባም እዚሁ ይታከማል፤ በነጻ፤ 17ቱን ቀን መርፌ» አለችው። ከሁሉም ጥያቄ ይቺን አስቀድሙ፦ ባልገባስ ምን ይሆናል? መልሱ ብዙ ነገር ይገልጣል። ሳትገቡም የምታገኙት ሕክምና ካለ፣ ጥናቱ የሚጨምርላችሁና የሚቀንስባችሁ ምን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ታወዳድራላችሁ። ሌላ ሕክምና የለም ካሏችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ «የለም» ያለው ማን እንደሆነ ከጥናቱ ውጭ ያለ ሐኪምም ጠይቁ። «ካልገባህ አናክምህም» የሚላችሁ ካለ ግን ያ ነውር ብቻ ሳይሆን ከሕጉም ውጭ ነው። እምቢ ማለት ሕክምና አያስከለክልም።

ቅጹን በተመለከተ። ረጅም ነው፤ የእኔ ብዙ ገጽ ነበር። ሰው ርዝመቱን አይቶ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ «የት ጋ ነው?» ይላል። አታድርጉት። «ይዤው ልደር» ማለት ትችላላችሁ። ከቤተሰብ ጋር ተማከሩበት። በማይገባችሁ ቋንቋ ከሆነ በምትሰሙት ቋንቋ ይነበብላችሁ። ከተነበበላችሁ በኋላ ደግሞ መልሳችሁ በራሳችሁ አፍ ተናገሩት፦ «እንግዲህ እንዲህ እንዲህ ታደርጉኛላችሁ ማለት ነው አይደል?» በሉ። ጥሩ አስረጂ ይህን ይወደዋል፤ የተሳሳታችሁትን ያርማል። የፈረማችሁትን ቅጽ አንድ ቅጂ ሳትቀበሉ አትነሱ። ደንበኞቼ ብዙዎቹ ቅጂውን ቤት ጥለው ይመጣሉ ወይም ጨርሶ አልተቀበሉም። ቅጂው ላይ የዋና ተመራማሪው ስልክ አለ። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ስልክም አለ፤ ይኸኛው ተመራማሪውን ራሱን የምትከሱበት ነው። ስልኩ ከሌለበት ጠይቁ። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ የመድኃኒት ሙከራ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያጸድቀውና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅደው አይጀመርም።

ማንበብ ለማይችልስ? እዚህ ላይ ከጎኔ የተኙትን ጋሼን ላንሳ። ከጎጃም ለአጨዳ የመጡ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሰው ናቸው። ማንበብ አይችሉም። እንዲህ ሲሆን በጣት አሻራ ይፈረማል፤ ግን ከጥናቱ ሰዎች ያልሆነ ምስክር ቁጭ ብሎ መስማት አለበት። አስታማሚ አልነበራቸውም። እኔን ጠሩኝ። እኔም የራሴን ሳላነብ የፈረምኩት ሰውዬ፣ የእሳቸውን ቅጽ ቃል በቃል ስሰማ ዋልኩ።

ጋሼ አያቋርጡም፤ ዝም ብለው ይሰማሉ። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ብሞት ሬሳዬን አገሬ ማን ያደርሰዋል?»

ሲስተር ወረቀቱን አየች። ወረቀቱ ላይ የለም። ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም ተጽፏል፤ ስለ ሬሳ ግን አንድም ቃል የለም። «እውነቱን ለመናገር አላውቅም፤ ጠይቄ ልምጣ» አለች። በማግስቱ መልስ ይዛ መጣች። ጋሼ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ያሳረፉት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ ለእናንተ ትልቁ ጥያቄ ቅጹ ውስጥ ላይኖር ይችላል። እሱኑ ጠይቁ፤ አትፈሩ። ሁለተኛ፣ «አላውቅም፣ ጠይቄ ልምጣ» የሚል አስረጂ ደህና አስረጂ ነው። ለሁሉም ነገር «ችግር የለም፣ ምንም አትሆንም» የሚለው ነው የሚያስፈራኝ።

ሰዉ እዚህ ቤት መጥቶ የሚጠይቀኝ በአብዛኛው ስለ ደም ነው። «ደማችንን ቀድተው ውጭ ይሸጡታል ይባላል» ይላሉ። ሐሜቱ የትም አለ። መፍትሔው ቁጥር መጠየቅ ነው፦ «በአንድ ጊዜ ስንት ሲሲ ትወስዳላችሁ? ስንት ጊዜ?» አምስት ሲሲ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። በሻይ ማንኪያ ሲቆጥሩት ፍርሃቱ ይቀንሳል። ቀጥሎ ናሙናው የት እንደሚሄድ ጠይቁ። እዚሁ ይመረመራል ወይስ ወደ ውጭ ይላካል? ከጥናቱ በኋላ ይጣላል ወይስ ለሌላ ምርምር ይቀመጣል? ለሌላ ምርምር መቀመጡን ብቻ ለይታችሁ እምቢ ማለት የምትችሉበት ቅጽ አለ፤ ብዙ ጊዜ «ተስማምቻለሁ / አልተስማማሁም» የሚል ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው። ሳጥኑ ባዶውን እንዳይቀር። ናሙና ከአገር ሲወጣ በሁለቱ ተቋማት መካከል የናሙና ዝውውር ስምምነት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ለእነሱ አዲስ አይሆንባቸውም።

አሁን ስለ መርፌው፤ ስለ ጣፊያው መርፌ። ካላዛር መኖሩን በእርግጠኝነት ለማየት አንዱ መንገድ ከጣፊያ ናሙና መውሰድ ነው። በቅድሚያ ደሜ ቶሎ የሚረጋ መሆኑን መረመሩ፤ ካልሆነ ጣፊያ አይነካም። በጀርባዬ አስተኙኝ። ሐኪሙ በእጁ እየዳሰሰ የጣፊያዬን ጠርዝ በእስክሪብቶ ሆዴ ላይ ሳለው፤ እስከ እምብርቴ ይወርዳል። «ትንፋሽህን ያዝ፤ እንዳትንቀሳቀስ» አለ። ያዝኩ። መርፌዋ ገብታ ወጣች። ከዓይን ጥቅሻ አትበልጥም። «ጨርሰናል» ሲለኝ ገና የሚጀምር መስሎኝ ትንፋሼን እንደያዝኩ ነበርኩ። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ለሰዓታት በጀርባ ተኝቶ፣ ደም ግፊትና የልብ ምት በየጊዜው እየተለካ፣ ሳይነሱ መቆየት። ውስጥ ለውስጥ ደም እንዳይፈስ ነው። ወንድሜ ወደ ቀትር ገደማ እንጀራ በፌስታል ይዞ መጥቶ እያየሁት አልቀመስኩም።

28ኛው ቀን ላይ እንደገና ሊወጉኝ ሲሉ ጠየቅኩ፦ «ይሄኛው ለእኔ ነው ወይስ ለጥናቱ?» ሐኪሙ ትንሽ አሰበ። «ለሁለቱም። አንተ መዳንህን እናውቃለን፤ ጥናቱም ውጤቱን ይመዘግባል» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው። ይህን ጥያቄ ልማድ አድርጉት። እያንዳንዱ ምርመራ ሲመጣ፣ ለእኔ ሕክምና ነው ወይስ ለጥናቱ? ለጥናቱ ብቻ የሆነ ካለ አይከፋም፤ እኔ ብዙውን በደስታ ሰጥቻለሁ። ግን እያወቃችሁ ስጡ። እንዲያውም የጥናቱ ክትትል ለእኔ ጠቅሞኛል። ስቲቦግሉኮኔት ልብን ሊነካ ስለሚችል የልብ ምርመራ ወረቀቴ በየጊዜው ይወጣ ነበር፤ ፓሮሞማይሲን ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል የመስማት ችሎታዬ በመሣሪያ ተለካ። አሮጌውን መድኃኒት አገኘሁ ብዬ ሳኮርፍ፣ ይህ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ እንዳለ አላስተዋልኩም።

ከማዶ አልጋ አንድ የእኔ እኩያ ነበር፤ ካፕሱሉ ለእሱ ደረሰው። ቀናሁበት። ሁለት ቀን አልቆየም ቅናቱ። ልጁ ያስመልሰው ጀመር። ሚልቴፎሲን ሆድ ይረብሻል፤ ምግብ ላይ ሲወሰድ ይሻላል እንጂ ባዶ ሆድ አይቻልም። አንድ ማታ ካፕሱሉን ጉንጩ ውስጥ ደብቆ፣ ሲስተር ስትሄድ ሶፍት ውስጥ ጠቅልሎ ሲጥል አየሁት። «ምን ቸገረህ፣ ማን ያየኛል» አለኝ። ጋሼ ናቸው የተቆጡት፦ «አንተ ልጅ፣ የምትዋሸው እኮ ሆድህን ነው!» ጠዋት ራሱ ነገራት። ሲስተር አልተቆጣችም። መዘገበችው፣ ሐኪም ጠራችለት፣ ከዚያ ወዲያ ገንፎ ሳይበላ ካፕሱል አይሰጠውም ነበር።

ይህን የማነሳው ጥናት ውስጥ ከሚሠሩ ጥፋቶች ሁሉ ትልቁ መደበቅ ስለሆነ ነው። ራሳችሁን ትጎዳላችሁ፤ ከዚያም አልፎ ውሸታችሁ ተደምሮ ለነገ በሽተኛ የተሳሳተ መልስ ይሆናል። መድኃኒቱ ከከበዳችሁ «ከብዶኛል» በሉ። የባህል መድኃኒት ጠጥታችሁ ከሆነ ተናገሩ። ሌላ እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ወረቀቱን አሳዩ። አረቄም ከሆነ አረቄ በሉ። ሴቶች ደግሞ እርግዝናን በሚመለከት ሲጠየቁ ነውር ተጠየቅኩ አይበሉ። ሚልቴፎሲን ለምሳሌ ፅንስን ስለሚጎዳ፣ የምትወስደው ሴት በሕክምናው ወቅትና ከዚያም ለወራት የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋታል። ባል ፊት የማይነገር ነገር ካለ «ለብቻዬ ልናገር» ማለት ይቻላል።

መውጣትም መብት ነው፤ በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጡ። ግን ሹልክ ብላችሁ አትጥፉ። «ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ» በሉና ሕክምናችሁን ወደ መደበኛው አዛውሩ። ግማሽ መንገድ ላይ የተተወ የካላዛር ሕክምና በሽታውን መልሶ ይጠራዋል።

ገንዘብ። ጥናት ሥራ አይደለም፤ ደመወዝ የለውም። የሚሰጣችሁ የመጓጓዣና የምግብ ነው፤ ስትቀበሉም ትፈርማላችሁ። ዋጋ የሚያስከፍላችሁ ሌላ ነው፦ የሥራ ቀን። ከመግባታችሁ በፊት ስንት ቀን እንደምትተኙ፣ ስንት ጊዜ እንደምትመላለሱ፣ አስታማሚያችሁ የት እንደሚያድር ቁጠሩት። ጥናት ለመግባት ራሳችሁን ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ደግሞ ወረቀቱን መልሱለትና ሂዱ።

ሁሉም ጥናት እንደ እኔው አይደለም። ከዓመታት በኋላ አንድ መጠይቅ የያዘ ወጣት ሱቄ ገባ። መርፌም ይዟል። «ትንሽ ደም ነው፤ እዚህ ጋ ዝም ብለህ ፈርም፣ ለፎርማሊቲ ነው» አለኝ። ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ሰዓቱን አየ። የቅጹን ቅጂ ጠየቅኩት፤ አልያዘም። አልፈረምኩም። ክፉ ልጅ አይመስለኝም፤ በቀን ይህን ያህል ሰው አምጣ ተብሎ የደከመ ይመስል ነበር። ግን የእሱ ኮታ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ቅጂ የለም፣ ስልክ የለም፣ ጊዜ የለም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ መልሱ «አይ» ነው።

ቅጹ ይህን ያህል የበዛው በከንቱ አይደለም። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በሚባል ቦታ ከ1932 እስከ 1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 399 ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ገበሬዎች «መጥፎ ደም ነው ያለባችሁ» እየተባሉ በጥናት ተያዙ። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። አጥኚው የመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት ነው። «ባልገባስ?» ብሎ ለመጠየቅ ዕድል የተሰጠው አንድም አልነበረም፤ ጥናት ውስጥ መሆናቸውን እንኳ በቅጡ አያውቁም። ዛሬ የምትፈርሙት ወረቀት ከእንዲህ ያለ ታሪክ በኋላ የመጣ ነው።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ አሁን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ትኖራለች። ለእናቷ ጥናት ቀርቦላቸው ደውላ ጠየቀችኝ። በቅርባቸው ቤተስዳ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የምርምር ሆስፒታል አለ፤ እዚያ የሚታከም ሁሉ ጥናት ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ለሕክምናውም አይከፍልም። እኔ ያልኳት አንድ ነገር ነው፦ አንቺ አታስተርጉሚላቸው። አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በነጻ ያመጣሉ። ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም ክፉ ክፉውን ትዘላለች። ስትደውልልኝ ራሱ «የጉበት ጉዳት» የሚለውን «ትንሽ ድካም» ብላ ነው ያነበበችልኝ።

«አዲስ መድኃኒት» የሚለው ቃል ላይም ልመለስ። አዲስ ማለት የተሻለ ማለት አይደለም፤ ይሻል እንደሆነ ቢታወቅማ ጥናት ባላስፈለገ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ድሮ እስከ 20 ወር ነበር የሚታከመው። 9 ወር ገደማ ይበቃ እንደሆነ በተጠናበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ተሳትፈዋል። ሲያልቅ ከ100 ሰው በረጅሙ 80 ገደማ፣ በአጭሩ 79 ገደማ ጥሩ ውጤት አገኙ። አጭሩ አልበለጠም። እኩል ሆነ፤ ግን በግማሽ ጊዜ። ለበሽተኛው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ ነበር። ካላዛር ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ዳነ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። የኔው ሐምሌ ላይ ዋለ። ሐምሌ ማለት ደግሞ አረም ነው፤ ጓደኞቼ ሁሉ መተማ ወርደዋል፤ እኔም ደህና ነኝ፤ ምን አመላለሰኝ? ልቀር ነበር። ጋሼ ከጎጃም እንደሚመጡ ቃል ገብተውልኝ ስለነበር አፈርኩና ሄድኩ። መጥተዋል፤ በዝናብ፣ ጋቢያቸው ርሶ። የቀረ ሰው ለጥናቱ «አልታወቀም» ነው። ብዙ ሰው ሲቀር መልሱ ይላላል። ስለዚህ ስትገቡ የመጨረሻዋን ቀጠሮ ቀን ቆጥራችሁ፣ አዝመራ ላይ ወይም በዓል ላይ ትውል እንደሆነ ያኔውኑ ተነጋገሩ። ሲስተር ሆዴን በሜትር ለካች። ጥር ላይ 14 ሴንቲ ሜትር የነበረው ጣፊያ አይዳሰስም።

ውጤቱ ሲወጣ እንደሚነግሩን ተናገሩና ስልክ መዘገቡ። እኔ ሲሜን ጣልኩት። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ የጤና ተማሪ ሱቄ መጥቶ የሚያስባዛውን ወረቀት ሰጠኝ። ርዕሱ ላይ ካላዛር አየሁ። «እስኪ ይሄ ምን ይላል?» አልኩት። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ ውስጥ 439 ሰው፤ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ፤ በሁለቱም ሕክምና ከ100 ሰው ወደ 91 ገደማው ከስድስት ወር በኋላ ድኖ ተገኘ። አጭሩ እንደ ረጅሙ ያድናል ማለት ነው። ዛሬ ካላዛር የያዘው ልጅ 34 መርፌ ላይወጋ ይችላል። አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀረሁ። እንግሊዝኛ ነው፤ ሙሉውን አላነበብኩትም።

እና ቅጹ ላይ ስልክ ሲጠይቋችሁ ሁለት ቁጥር ስጡ። አንዱ የራሳችሁ፣ ሌላው ቦታ የማይቀይር ሰው። እኔ አሁን የምሰጠው የእናቴን ጎረቤት ቁጥር ነው። እሷ ከዚያ ግቢ ወጥታም ሲሟን ቀይራም አታውቅም።